ቀንን ለማታ ማቆየት፦ የጣሪያ ሶላር ታሪክ ከቡሹሎ ሲታይ

ቡሹሎ በሀዋሳ ሐይቅ ዳርቻ የምትገኝ፣ ከተማውና ገጠሩ የሚገናኙባት ሰፈር ስትሆን፣ ስሟ ከአካባቢው ውጭ ይበልጥ የሚታወቀው በጤና ጣቢያዋና በዚያ በተካሄዱ የሕክምና ጥናቶች ነው። እንዲህ ባሉ ዳር ሰፈሮች የመብራት ታሪክ አንዱ ሲመጣ ሌላው እየለቀቀ የሄደበት ታሪክ አይደለም፤ የላምባ ኩራዝ፣ ፋኖስ፣ የመብራት ኃይል ቆጣሪና የሶላር ሰሌዳ በአንድ ዘመን፣ አንዳንዴም በአንድ ግቢ ውስጥ አብረው ኖረዋል። ከእነዚህ ሁሉ በኋላ የመጣው ሶላር፣ ማለትም የፀሐይን ብርሃን በቀጥታ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ሰሌዳ፣ ብዙ ጊዜ የሚወሳው ከፀሐዩ ብዛት ጋር ነው። ይሁንና ፀሐይ በዚህ አካባቢ ጠፍታ አታውቅም፤ የቤት ሶላርን ዕድል በኢትዮጵያ የወሰነው ቀን የተገኘውን ለማታ የሚያቆየው ዕቃ፣ ማለትም ባትሪው፣ እንዲሁም ባትሪውን የሚጠብቀው ሰው ነው።

ሀዋሳ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመጋቢት መጨረሻና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት አካባቢ በትክክል አናት ላይ ትቆማለች። በእነዚህ ሁለት ጊዜያት መካከል ባሉት ወራት፣ ክረምቱን ጨምሮ፣ የእኩለ ቀን ፀሐይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ በቀሪው ዓመት ደግሞ ወደ ደቡብ ትሆናለች። ስለዚህ ከአውሮፓ በመጡ መመሪያዎች የሚመከረው፣ ሰሌዳን ወደ ደቡብ አዙሮ በጣም አቁሞ መትከል፣ እዚህ ትርፉ ኪሳራ ነው፤ የሚበጀው በጥቂቱ ብቻ፣ ዝናብ አቧራውን ጠርጎ እንዲወርድ በሚያስችል መጠን፣ ወደ 10 ዲግሪ ገደማ ማዘንበል ነው።

ኤሌክትሪክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1890 ዓ.ም. ለዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በተተከለ ጄኔሬተር ሲሆን፣ ቀጥሎ በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው ማመንጫ መጣ፤ በ1948 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ሲቋቋም ሕዝቡ መብራት ኃይል እያለ የሚጠራው ተቋም መልክ ያዘ። ሥራው በግድቦች ላይ የተመሠረተ ስለነበር መሥመሩ ከከተማ ወደ ከተማ ሲዘረጋ ገጠሩ በጨለማ ቀረ፤ ሽቦ ከራሱ በላይ አልፎ እየሄደ ኩራዝ የሚያበራ ገበሬ በብዙ ቦታ የተለመደ ትዕይንት ነበር። ሲሊከን የተባለው ንጥረ ነገር ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ በጥቅም ደረጃ የሚለውጥበት ሴል በአሜሪካ ቤል ቤተ ሙከራ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1954 ቢሆንም፣ በኢትዮጵያ መንደር ደረጃ የተሞከረው ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 በመካከለኛው ኢትዮጵያ ሚቶ በተባለች መንደር 10.5 ኪሎ ዋት የሚያመነጭ ሰሌዳ ተተክሎ በአንድ የጋራ መሥመር ለ300 ያህል ቤቶች ብርሃን ሰጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ኃይሉ ወደ 30 ኪሎ ዋት አድጎ የውሃ ፓምፕና የእህል ወፍጮ ጨመረ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ የአገሪቱ ሶላር አብዛኛው የተራራ ላይ የቴሌኮም ጣቢያዎች ነበር።

ቤት በቤት የተተከለው ሶላር ይበልጥ ሊጠና የሚገባው በሰሜን ሸዋ በሬማ ነው። በጀርመኑ የፀሐይ ኃይል ድርጅት አማካይነት፣ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በሬማና በአቅራቢያዋ ከ2,000 በላይ የቤት ሶላሮች ተተከሉ፤ ድርጅቱም እ.ኤ.አ. በ2009 ለዘላቂ የኃይል ሥራዎች የሚሰጠውን የአሽደን ሽልማት አገኘ። የእያንዳንዱ ቤት ሰሌዳ 10 ዋት ብቻ ነበር፣ ይህም አራት ባለ 1 ዋት ኤል ኢ ዲ መብራቶችን ለማብራት ይበቃል። አሃዙን ከዕለት ኑሮ ጋር ማስተያየት ይጠቅማል፦ 10 ዋት ሰሌዳ በጥሩ ፀሐይ ቀን 50 ዋት ሰዓት ያህል ያመርታል፣ አራቱ መብራቶች ለአምስት ሰዓት ቢበሩ 20 ይበላሉ፤ በአንጻሩ 3,500 ዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ ለአንድ ሰዓት ቢሠራ የዚያን ሰሌዳ የ70 ቀን ምርት ይጨርሳል። የሬማ ሥራ ብልሃት ሰሌዳውን ማሳነሱ ብቻ አልነበረም፤ ቤተሰቡ ለጥገና በየወሩ መክፈሉና በዚያው በመንደሩ የሶላር ትምህርት ቤት ተከፍቶ የአገሬው ወጣቶች ጠጋኝ መሆናቸው ዕቃው ተበላሽቶ እንዳይጣል አደረገ።

በሲዳማ ግን ጣሪያው ራሱ ሌላ ታሪክ አለው። በሣርና በቀርከሃ የተሠራው የሲዳማ ባህላዊ ቤት ክብና ሹል በመሆኑ ሰሌዳ የሚያርፍበት ጠፍጣፋ ገጽ የለውም፤ በእንዲህ ዓይነት ቤት ሰሌዳ የሚቆመው በግቢው ምሰሶ ላይ ነው። ስለዚህ ጣሪያ ላይ የሚተከል ሶላር በተግባር የቆርቆሮ ተከታይ ነው። ቆርቆሮ ደግሞ የራሱን ዋጋ ያስከፍላል፤ ሰሌዳ ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ በላይ ሲሆን በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.4 በመቶ ያህል ኃይሉን ስለሚያጣ፣ በጋለ ቆርቆሮ ላይ ተለጥፎ ከተቸነከረ በማምረት ፋንታ ይበስላል። በሥሩ ነፋስ እንዲያልፍ አንድ ስንዝር ያህል ክፍተት መተው የአናጢና የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጉዳይ እንጂ የሳይንቲስት ጉዳይ አይደለም።

በሌላው ዓለም የጣሪያ ሶላር የተስፋፋው በገንዘብ ሒሳብ ነው፤ ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣችው ሕግ ለባለቤቱ በእያንዳንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ለ20 ዓመት የተረጋገጠ ክፍያ ስለሰጠች፣ ሰሌዳው ከባንክ ደብተር ጋር ተመሳሰለ። በኢትዮጵያ ግን እስከ 2011 ዓ.ም. የታሪፍ ማሻሻያ ድረስ የመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎ ዋት ሰዓቶች ዋጋ በኪሎ ዋት ሰዓት 27.3 ሳንቲም ብቻ ነበር፤ ማሻሻያውም ለአነስተኛ ተጠቃሚው ይህን ዋጋ አልነካም። በዚያ ዋጋ ከመብራት ኃይል ጋር ተወዳድሮ ቆጣሪ የሚያሳርፍ ሶላር አልነበረም፤ የሀዋሳ ነዋሪ ሰሌዳ ሲገዛ የሚገዛው መብራት ሲጠፋ የሚያበራለትን ሰዓት ነው። ሒሳቡ የሚወሰነው ቀን በተመረተው ብዛት ሳይሆን ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ በቀረው መጠን ነው።

ለዚህ ነው ባትሪው ሁሉን የሚወስነው። ለብዙ ቤቶች በቅርብ የተገኘው የመኪና ባትሪ ሲሆን፣ ይህ ባትሪ ሞተር ለማስነሳት ለጥቂት ሴኮንድ ብዙ ኃይል እንዲሰጥ የተሠራ እንጂ ሌሊቱን ቀስ ብሎ እንዲለቅ የተሠራ አይደለም፤ ቶሎ ቶሎ ከግማሽ በታች ሲወርድ በውስጡ ያሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች ይጎዳሉ፣ ዕድሜውም በአጭሩ ይቀጫል። የባትሪ ውሃ አለመጨመርና ቻርጅ ተቆጣጣሪውን፣ ማለትም ባትሪው ከመጠን በላይ እንዳይሞላና እንዳይደርቅ የሚጠብቀውን ሣጥን፣ ዘሎ በቀጥታ ማገናኘት ደግሞ ቀሪውን ጥፋት ያደርሳል። የዓለም ባንክ ድጋፍ ያለበት የኢትዮጵያ ልማት ባንክ ብድር ከ2005 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ጥራታቸው የተፈተሸ አነስተኛ የሶላር ፋኖሶች በብዛት እንዲገቡ ማድረጉ በዚህ በኩል ትልቅ ለውጥ ነበር፤ ሊቲየም ባትሪ በውስጣቸው የያዙ በመሆናቸው ተጠቃሚው ሽቦ የሚያገናኝበት ዕድል አልነበረም። የውጭ ምንዛሪ እጥረት ግን አስመጪዎችን ደጋግሞ አቁሟል።

ከሰሌዳው በኩል የሚፈለገው እንክብካቤ ቀላል ቢሆንም በሐይቅ ዳር ልዩ መልክ አለው። የሰሌዳው ሴሎች እንደ ሰንሰለት የተያያዙ ስለሆኑ የአንዷ መሸፈን የጎረቤቶቿን ፍሰት ያንቃል፤ ሙሉ ጥላ ባይኖርም የአንድ ቅርንጫፍ ጥላ ወይም አባ ኮዳ የተባለው የሐይቅ ዳር ወፍ ኩስ ብቻ የሰሌዳውን ሢሶ ያህል ምርት ሊያስቀር ይችላል። የደረቀ ኩስ በአሸዋ ወይም በሽቦ ከተፈገፈገ መስታወቱን ስለሚጭር፣ ጠዋት ሰሌዳው ሳይሞቅ በውሃና በጨርቅ አርሶ ማንሳት ይገባል።

ከሁሉም በላይ የተሻለ የሚባለው ማቆያ ግን ባትሪ የሌለበት ነው። የክትባት መድኃኒት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ ስላለበት የገጠር ጤና ተቋማት ለዓመታት በላምባ ማቀዝቀዣ ተቸግረው ነበር፤ ከዚያ የመጣው ባለ ባትሪ የሶላር ማቀዝቀዣም ባትሪው በሞተ ጊዜ ክትባቱን ያጠፋ ነበር። ባለፉት አሥራ አምስት ዓመታት ገደማ የተስፋፋው አዲሱ ዓይነት ባትሪውን ጥሎ ቀን በተገኘው ኃይል በግድግዳው ውስጥ በረዶ ይሠራል፣ ሌሊቱንም በዚያ በረዶ ያድራል። በቤት ሶላርም ይኸው ዘዴ ቢያንስ በከፊል ይሠራል፤ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ባለው የበዛ ፀሐይ ስልኩን ሞልቶ፣ የጉድጓድ ውሃን ወደ ሮቶ ገፍቶ፣ ባትሪውን ለማታው አራት አምፖል ብቻ መተው ነው።