ለመላክ የሚከፈል ዋጋ፤ ከባሕር ሥር ቴሌግራፍ እስከ ክላውድ ኮምፒዩቲንግ

ማንኛውም መልእክት ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ ሲሄድ የሚከፈልበት ዋጋ አለው። ይህንም ዋጋ የሚወስነው የመንገዱ ርዝመት ብቻ አይደለም፤ መንገዱን የያዘው ማን እንደ ሆነና ሒሳቡ በምን መለኪያ እንደሚቈጠር ጭምር ነው። የዚህ አጭር ጥናት ዓላማ በክላውድ ኮምፒዩቲንግ ዳታን ለማስተላለፍ የሚከፈለው ዋጋ እንዴት እንደ ተጀመረ፥ ደንበኞች ይህን ወጪ ለመቀነስ በምን በምን ዘዴ እንደ ተጠቀሙ፥ በመጨረሻም ሕግ በነገሩ ውስጥ ለምን እንደ ገባ በታሪክ ቅደም ተከተል መመርመር ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ክላውድ ኮምፒዩቲንግ የሚባለው አንድ ኩባንያ ባቋቋማቸው ታላላቅ የኮምፒዩተር ማእከሎች ውስጥ ደንበኛው ቦታና የማስላት ጉልበት ተከራይቶ በኢንተርኔት የሚገለገልበት አሠራር ነው። ኪራዩ ለማስቀመጫው፥ ለስሌቱ ሥራና ለማስተላለፊያው እየተለየ ይታሰባል። እኛ የምንመለከተው ሦስተኛውን ነው።

፩. ከቴሌግራፍ ዘመን የተገኘ ትምህርት

በ1866 በአየርላንድና በኒውፋውንድላንድ መካከል በአትላንቲክ ውቅያኖስ ሥር የተዘረጋው የቴሌግራፍ ገመድ ለሕዝብ አገልግሎት ሲከፈት፥ ዝቅተኛው ዋጋ ለ20 ቃላት 20 ፓውንድ ነበር። ይህ ለታላላቅ ነጋዴዎች እንኳ ከባድ ወጪ ስለ ሆነ፥ ነጋዴዎች አንድ ቃል የአንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ምትክ እንዲሆን በሚያደርጉ የምስጢር ቃላት መጻሕፍት መጠቀም አበዙ። ላኪው ቃሉን ሲያሳጥር ግን አስተላላፊው ዝም ብሎ አላየም። በ1903 በለንደን የተደረገው ዓለም አቀፍ የቴሌግራፍ ጉባኤ እስከ ዐሥር ፊደል የሚደርሱ፥ በአፍ ሊነበቡ የሚችሉ የፈጠራ ቃላትን ፈቀደ። ነጋዴዎቹም ወዲያው ሁለት ባለ አምስት ፊደል ቃላትን አጋጥመው እንደ አንድ ቃል መላክ ያዙ። በ1932 በማድሪድ የተሰበሰበው ጉባኤ ደግሞ የምስጢር ቃል ከአምስት ፊደል እንዳይበልጥ ወሰነ። ከዚህ የምንረዳው ላኪው መልእክቱን ባሳጠረ ቍጥር የመንገዱ ባለቤት መለኪያውን ሊለውጥ እንደሚችል ነው።

ማሳጠር የራሱ አደጋም ነበረው። በ1887 ፕሪምሮዝ የተባለ የፊላዴልፊያ ሱፍ ነጋዴ ወደ ካንሳስ በላከው ቴሌግራም ውስጥ «ገዝቻለሁ» የሚል ትርጉም የተሰጠው አንድ የምስጢር ቃል በአንድ ፊደል ስሕተት ተለውጦ «ግዛ» የሚል ትእዛዝ ሆነ። ወኪሉም ሱፍ ገዛ፤ ነጋዴውም ከ20,000 ዶላር በላይ ከሰረ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1894 በሰጠው ፍርድ፥ ነጋዴው መልእክቱ ተደግሞ እንዲጣራ ተጨማሪ ዋጋ ስላልከፈለ ከቴሌግራሙ ዋጋ በቀር ሊካስ እንደማይገባው ወሰነ። ከመልእክት ውስጥ ትርፍ የሚመስለው ሁሉ ሲወጣ፥ ስሕተትን የሚገልጠውም ነገር አብሮ ሊወጣ ይችላል።

ይህን ልማዳዊ ጥበብ ወደ ሳይንስ ያደረሰው በ1948 ስለ መልእክት ማስተላለፍ የሒሳብ ትንታኔ ያሳተመው ክሎድ ሻነን ነው። በ1952 ደግሞ ዴቪድ ሃፍማን ብዙ ጊዜ ለሚደጋገም ምልክት አጭር፥ አልፎ አልፎ ለሚመጣ ምልክት ረዥም ኮድ የሚሰጥ ዘዴ አሳተመ። ሃፍማን ይህን ዘዴ ያገኘው በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተማሪ ሳለ፥ በመጨረሻው ፈተና ምትክ ጽሑፍ እንዲያቀርብ መምህሩ በሰጡት ምርጫ መሆኑ ለእኛ ለተማሪዎች የሚያበረታታ ነው። በ1977 አብርሃም ለምፔልና ያዕቆብ ዚቭ ያቀረቡት ዘዴ ሲጨመርበት፥ እስከ ዛሬ የምንሠራበት የዳታ ማመቂያ መሠረቱ ተጣለ።

፪. የክላውድ ዋጋ አመጣጥ

የአማዞን ኩባንያ በመጋቢት 1906 ዓመት ሳይሆን በ2006 መጋቢት ወር «ኤስ-ሦስት» የተባለውን ማስቀመጫ ሲከፍት፥ አንድ ጊጋባይት ለአንድ ወር ለማስቀመጥ 15 የአሜሪካ ሳንቲም፥ አንድ ጊጋባይት ለማስተላለፍ ደግሞ 20 ሳንቲም ያስከፍል ነበር። ከሐምሌ 2011 ጀምሮ ወደ ውስጥ ለሚገባው ዳታ የሚከፈለው ዋጋ ቀረ። ወደ ውጭ የሚወጣው ግን እንደ ተከፈለበት ቀጠለ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን በቍጥር ማነጻጸር ይጠቅማል። በ2016 መጨረሻ በአሜሪካ ዋና ዋና ማእከሎች የማስቀመጫው ዋጋ ወደ 2.3 ሳንቲም ወርዶ ነበር፤ ይህም ከመጀመሪያው ከስድስት አንድ እጅ ያነሰ ነው። የማውጫው የመጀመሪያ እርከን ዋጋ ግን በ2014 መጨረሻ 9 ሳንቲም ከደረሰ በኋላ በዚያው ጸና፤ ይህም ከመጀመሪያው ግማሽ ሊደርስ ጥቂት የቀረው ነው። እንግዲህ በ2006 ዳታን አንድ ጊዜ ማውጣት የአንድ ወር ከሲሶ ኪራይ ያህል ሲያስከፍል፥ በ2016 ወደ አራት ወር ኪራይ የሚጠጋ ሆነ። ዋጋው በገንዘብ ቢቀንስም፥ ከማስቀመጫው ጋር ሲመዛዘን መውጫው ከሁለት እጥፍ በላይ ከበደ ማለት ነው።

ለምሳሌ የብራና መጻሕፍት ፎቶግራፍ 10,000 ጊጋባይት ያስቀመጠ አንድ ቤተ መጻሕፍት እናስብ። በዚህ ዋጋ የወር ኪራዩ 230 ዶላር ሲሆን፥ ስብስቡን በሙሉ አንድ ጊዜ ለማውጣት የሚጠየቀው 900 ዶላር ያህል ነው። በኬፕ ታውን በ2020 በተከፈተው የአማዞን ማእከል ደግሞ ለአንድ ጊጋባይት ማውጫ የተተመነው ከ15 ሳንቲም በላይ ስለ ነበረ፥ ለአፍሪካ የቀረበው ማእከል ከአሜሪካው የበለጠ ውድ ሆኖ ተገኘ።

የኩባንያዎቹ መከራከሪያ ከንቱ ነው ማለት አይቻልም። የመገናኛ መስመሮች ብዙውን ጊዜ በሁለቱም አቅጣጫ እኩል ዐቅም አላቸው፤ ከክላውድ ማእከሎች የሚወጣው ግን ከሚገባው ስለሚበዛ፥ መግቢያው ባዶ ሲቀር መውጫው ይጨናነቃል። ስለዚህ ለሚወጣው ብቻ ማስከፈል ቴክኒካዊ ምክንያት አለው። ነገር ግን ይህ ምክንያት ኩባንያው ለምን ያስከፍላል ለሚለው እንጂ፥ ይህን ያህል ለምን ያስከፍላል ለሚለው መልስ አይሆንም።

፫. ወጪውን ለመቀነስ የተደረገ ጥረት

ደንበኞች የተከተሉት መንገድ በአራት ሊከፈል ይችላል።

የመጀመሪያው ማመቅ ነው። በ1992 የወጣው «ጂዚፕ»፥ በ2016 የወጣውም «ዚስታንዳርድ» የተባሉት ፕሮግራሞች ጽሑፍንና የሠንጠረዥ መዝገብን በእጅጉ ያሳንሳሉ። አስቀድሞ የታመቀ ፎቶግራፍና ፊልም ግን በዚህ መንገድ ብዙ አያንስም።

ሁለተኛው ሥራውን ወደ ዳታው ማቅረብ ነው። በአማዞን ዘንድ ማስቀመጫውና የሚያሰላው ኮምፒዩተር በአንድ ክልል ውስጥ ሲሆኑ በመካከላቸው የሚተላለፈው ዳታ አይከፈልበትም፤ በአንድ ክልል ውስጥ ባሉ ሁለት የተለያዩ የማእከል ቀጠናዎች መካከል ግን ለአንድ ጊጋባይት በእያንዳንዱ ወገን 1 ሳንቲም ይታሰባል። ከዚህም በላይ ዳታው የሚያልፍበት በር ራሱ 4.5 ሳንቲም የሚያስከፍልበት ጊዜ አለ። በ2015 ወደ ማስቀመጫው የሚያደርስ ክፍያ የሌለው በር ሲከፈት፥ የኔትወርኩን አቀማመጥ መለወጥ ብቻውን ወጪ የሚቀንስ ሆነ።

ሦስተኛው ቅጂውን ለአንባቢው ቅርብ በሆነ ስፍራ ማኖር ነው። በ1998 የተመሠረተው አካማይ ይህን ንግድ አስፋፋ፤ አማዞንም በ2008 የራሱን «ክላውድፍሮንት» ከፈተ። ብዙ ሰው የሚፈልገው አንድ ፋይል ከምንጩ በተደጋጋሚ መውጣቱ ቀርቶ ከቅርቡ ቅጂ ይነበባል።

አራተኛው ጨርሶ መውጣት ነው። ድሮፕቦክስ ከአማዞን ላይ የነበረውን የደንበኞቹን ዳታ ከዘጠና በመቶ በላይ ወደ ራሱ ማእከሎች ማዛወሩን በ2016 አስታወቀ። ይሁን እንጂ ይህ መንገድ ብዙ ካፒታልና ብዙ መሐንዲስ ላለው እንጂ ለትንሽ ድርጅት የሚሆን አይደለም።

ከእነዚህ ዘዴዎች የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የሚተላለፈውን መጠን ወይም መንገዱን ይለውጣሉ እንጂ ዋጋውን አይነኩም። በዚህም የክላውድ ደንበኛ ከቴሌግራፉ ነጋዴ ጋር ይመሳሰላል።

፬. ውድድርና ሕግ

ዋጋውን ራሱን የነካው ውድድርና ሕግ ነው። በ2022 ክላውድፍሌር የማውጫ ዋጋ የማይጠየቅበት ማስቀመጫ ለገበያ አቀረበ። የአውሮፓ ኅብረትም በ2023 ባጸደቀው የዳታ ሕግ፥ ከአንድ ክላውድ ወደ ሌላ ለመዛወር የሚጠየቀው ክፍያ ከእውነተኛው ወጪ እንዳይበልጥ፥ ከጥር 12 ቀን 2027 ጀምሮም ፈጽሞ እንዲቀር ደነገገ። ሕጉ ሥራ ላይ መዋል የጀመረው በመስከረም 12 ቀን 2025 ነው። ጎግል በጥር 2024፥ አማዞንና ማይክሮሶፍት በመጋቢት 2024 አገልግሎታቸውን ትተው ለሚወጡ ደንበኞች የማውጫውን ዋጋ እንደማይጠይቁ ማስታወቃቸው ሕጉ ተግባራዊ ከመሆኑ አስቀድሞ መሆኑ ሊስተዋል ይገባል። አንድ ዋጋ ሕግ በተቃረበ ጊዜ በጥቂት ወራት ውስጥ ሊቀር ከቻለ፥ ቀድሞ ያቆየው የገመዱ ወጪ ብቻ ነበር ለማለት ያስቸግራል።

፭. መደምደሚያ

ከዚህ በላይ እንደ ተመለከትነው፥ ጥበብ የመልእክቱን መጠን ሲቀንስ ኖሯል፤ የዋጋውን ተመን ያንቀሳቀሱት ግን ውድድርና ደንብ ናቸው። የተገኘውም ድል ገና ሙሉ አይደለም። ቃል የተገባው ለሚለቅ ደንበኛ እንጂ ዳታውን በየቀኑ እያወጣ ለሚገለገል አይደለም፤ የአውሮፓውም ሕግ የተጻፈው ለአውሮፓ ደንበኞች ነው። ክፍያውን በውጭ ምንዛሬ መፈጸም ላለበት የአገራችን ተቋም ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል።

ስለዚህ መዝገቡን፥ የምርምር ውጤቱን ወይም የብራና ፎቶግራፉን በክላውድ ለማኖር ያሰበ ተቋም የወር ኪራዩን ብቻ ሳይሆን፥ ሁሉንም አንድ ጊዜ ለማውጣት የሚያስፈልገውን ገንዘብ አስቀድሞ አስልቶ በበጀቱ ላይ ሊያሰፍረው፥ የሚቻልም ከሆነ አንድ ቅጂ በራሱ እጅ ሊያቆይ ይገባዋል። ለማውጣት የሚያስፈልገው ገንዘብ የሌለው ባለቤት፥ ንብረቱ በስሙ ቢሆንም በእጁ ነው ሊባል አይችልም።