የባሕር ማጓጓዣ በመቅደላ ዘመቻ

የመቅደላ ዘመቻ የብሪታንያ መንግሥት በ1860 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1867–68) በዓፄ ቴዎድሮስ ላይ ያካሄደው ወታደራዊ ዘመቻ ነው። የዘመቻው ዋና ውጊያ እሮጌ ላይ በአንድ ከሰዓት በኋላ ተጠናቋል፤ ሠራዊቱን በባሕር አምጥቶ ማራገፍ ግን ወራት ፈጅቷል። በጦር ታሪክ የባሕር ማጓጓዣ ሲጠና ይህ ዘመቻ በምሳሌነት የሚነሳውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ዓፄ ቴዎድሮስ ቆንስል ካሜሮንን፣ ሚሲዮናውያንንና በኋላም መልእክተኛውን ሆርሙዝ ራሳምን ካሰሩ በኋላ፣ እስረኞቹን የማስፈታቱ ሥራ ለቦምቤይ ጦር አዛዥ ለሰር ሮበርት ናፒየር ተሰጠ። ሕንድ የተመረጠችው ለቀይ ባሕር ስለምትቀርብ ነው። የስዊዝ ቦይ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በኅዳር 1869 በመሆኑ፣ ከአውሮፓ በሜድትራንያን በኩል የሚላክ ዕቃ እስክንድርያ ላይ ተራግፎ በባቡር ወደ ስዊዝ ይሄድና እንደገና መርከብ ላይ ይጫን ነበር።

ከ280 በላይ የእንፋሎትና የሸራ መርከቦች ወደ 13,000 ወታደሮችን፣ 26,000 ያህል ጓዝ ተሸካሚዎችንና አገልጋዮችን እንዲሁም ከ40,000 የሚበልጡ እንስሳትን አጓጉዘዋል። ከባድ መድፎችን የሚሸከሙ 44 ዝሆኖችም ነበሩ። ብዙዎቹ መርከቦች ከነጋዴዎች የተከራዩ ናቸው።

የዙላ ወደብ

ቀዳሚው ቡድን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1867 መጥቶ ከምጽዋ በስተደቡብ፣ ከጥንታዊቷ አዱሊስ ፍርስራሽ አጠገብ የምትገኘውን ዙላን መረጠ። ባሕረ ሰላጤው ሰፊና ከነፋስ የተከለለ ሲሆን ወደ ሰንዓፈ የሚያወጣው መንገድም ቅርብ ነው። ችግሩ ዳርቻው ጥልቀት ስለሌለው መርከብ ሊጠጋው አለመቻሉ ነበር። ስለዚህ ወደ ባሕሩ ዘልቀው የሚገቡ ማራገፊያዎች ተሠሩ፤ ወደ ተራራው ግርጌም የባቡር ሐዲድ ተዘረጋ።

ከሁሉ የከፋው የውሃ እጦት ነበር። በዙላ ለሠራዊት የሚበቃ የሚጠጣ ውሃ ባለመኖሩ፣ የባሕር ውሃ በማሽን እየፈላ እንፋሎቱ ሲቀዘቅዝ የሚገኘው ጨው አልባ ውሃ ይከፋፈል ነበር። ነጂዎችና የውሃ ገንዳዎች ሳይዘጋጁ ቀድመው የደረሱ በርካታ በቅሎዎች በጥማትና በበሽታ አልቀዋል። ይህ የዕቅዱ ትልቁ ጉድለት ነበር፤ የማይጠጣ እንስሳ ጭነት አይሸከምምና።

መርከቦቹ ከአራት ሚሊዮን በላይ የማርያ ቴሬዛ ብርም አምጥተዋል። እህልና የጭነት ከብት ከአገሬው ሰው የተገዛው በዚህ ጠገራ ብር ሲሆን፣ የትግራዩ ገዥ ደጃዝማች ካሳ (በኋላ ዓፄ ዮሐንስ 4ኛ) ማለፊያ መፍቀዳቸው ባይታከልበት ኖሮ ግን ብሩ ብቻውን 640 ኪሎሜትር ያህሉን መንገድ አያስኬድም ነበር።

የባሕሩ የበላይነት

ለዚህ ሁሉ ዝግጅት ጊዜ የተገኘው በቀይ ባሕር ብሪታንያን የሚገዳደር ኃይል ስላልነበረ ነው። የምጽዋ ጠረፍ ከ1866 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በግብፅ እጅ ሲሆን ግብፅም ማራገፉን አልተቃወመችም። ዓፄ ቴዎድሮስ ወደብም የጦር መርከብም ስላልነበራቸው ጠላታቸውን ገና ሲራገፍ ማወክ አልቻሉም። መርከቦቹ ዙላ ላይ በሚራገፉባቸው በእነዚያው ወራት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ሴባስቶፖል የተባለውን ግዙፍ መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ መንገዱንም በየገደሉ እያስቆፈሩ ነበር። መድፉ መቅደላ ቢደርስም በውጊያው አልጠቀማቸውም።

ዓፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን ሠውተዋል። የብሪታንያ ጦር ክረምቱ ሳይይዘው ወደ ዙላ ተመልሶ በሰኔ ወር ተሳፍሮ ወጣ። የዘመቻው ወጪ መጀመሪያ ከተገመተው እጅግ በልጦ ወደ 9 ሚሊዮን ፓውንድ በመድረሱ የብሪታንያ ፓርላማ ጉዳዩን የሚመረምር ኮሚቴ አቋቋመ።