ከሐምሌ 21 ምሽት በፊት

ስለ ሃይማኖት ሰማዕታት ሲነሳ የብዙዎቻችን አእምሮ ቀድሞ የሚሄደው ወደ አንድ ሐውልት ነው፡፡ ወደ አቡነ ጴጥሮስ፡፡ ሐውልቱ በ2005 ዓ.ም. ለባቡሩ ሥራ ተነስቶ በ2008 ዓ.ም. እስኪመለስ ድረስ ከተሜው ምን ያህል እንደተብሰለሰለ እናስታውሳለን፡፡ ጳጳሱ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በፋሽስት ጥይት እንደወደቁ ከተማሪ እስከ ታክሲ ረዳት የማያውቅ የለም ማለት ይቻላል፡፡ ይገባቸዋልም፡፡

ግን አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፡፡ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በዚሁ ከተማ ምን ሆነ?

እኛ ይህን ለመመለስ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ መውጣት አልበቃንም፡፡ በተማርናቸው የታሪክ ኮርሶች የደርግ ዘመን በቀይ ሽብርና በነጭ ሽብር፣ በኢሕአፓና በመኢሶን ተጀምሮ በዚያው ያልቅ ነበር፡፡ ቤተ ክርስቲያን በዚያ ታሪክ ውስጥ ከግርጌ ማስታወሻ አታልፍም፡፡ ስለዚህ መልሱን ያገኘነው ዘግይተን ነው፡፡ እነሆ፡፡

ሐምሌ 7 ቀን 1971 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሁለተኛ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ቴዎፍሎስ በእስር እንዳሉ ተገደሉ፡፡ ሁለት ሳምንት ቆይቶ፣ ሐምሌ 21 ቀን፣ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ታፍነው ተወሰዱና በዚያው ሌሊት ተገደሉ፡፡ ሲነጋ ሐምሌ 22 ነበር፡፡ አቡነ ጴጥሮስ የተገደሉበት 43ኛ ዓመት፡፡

ይህን ሁሉ አንድ ላይ የሚያውቅ ሰው ብዙ አላገኘንም፡፡ ኦርቶዶክሶቹ ጓደኞቻችን የፓትርያርኩን ያውቃሉ፡፡ ጴንጤዎቹ (እንደዚያ ብለን በመጥራታችን አይቀየሙን) የቄስ ጉዲናን ያውቃሉ፡፡ ገዳዩ ግን ለሁለቱም አንድ ነበር፡፡

ፓትርያርኩ

አቡነ ቴዎፍሎስ የጎጃም ደብረ ኤልያስ ሰው ናቸው፡፡ የቅኔው አገር፡፡ በ1940 ዓ.ም. ጵጵስና ተቀብለው ሐረርጌን ሲመሩ ኖሩ፤ በ1963 ዓ.ም. ፓትርያርክ ሆኑ፡፡ ከሳቸው በፊት የነበሩት አቡነ ባስልዮስ በዓለ ሲመታቸው የተፈጸመው ካይሮ ነበር፡፡ በአገሩ ምድር የተሾመ የመጀመሪያው ፓትርያርክ እሳቸው ናቸው፡፡

ሦስት ዓመት ሳይሞላ አብዮቱ ፈነዳ፡፡ ደርግ ቤተ ክርስቲያኒቱን ከመንግሥት ለይቶ መሬቷን ወረሰ፡፡ ፓትርያርኩ መንግሥትን ሳያስፈቅዱ ሦስት ጳጳሳት ሾሙ፡፡ ከሦስቱ አንዱ ኋላ ፓትርያርክ የሆኑት አቡነ ጳውሎስ ናቸው፡፡ ዛሬ ስናነበው ተራ የአስተዳደር ጉዳይ ይመስላል፡፡ አይደለም፡፡ ጳጳስ የሚሾመው ሲኖዶስ ነው ወይስ ወታደር? ጥያቄው ይህ ነበር፡፡ የካቲት 1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሱና ታሰሩ፡፡

የግብፅ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ በሕይወት እያለ ሌላ አይሾምም ብላ በምትካቸው የተሾሙትን ሳትቀበል ቀረች፡፡ ሰውዬው ግን ከሦስት ዓመት በላይ እስር ቤት ነበሩ፡፡ አንድ ጊዜ ለማምለጥ ሞክረው ተይዘዋል፡፡ ይህን የምንጽፈው ክብራቸውን ለመቀነስ አይደለም፡፡ ሰማዕት ማለት ሞት የማያስፈራው ሰው ማለት እንዳልሆነ እንድናስታውስ ነው፡፡ ሰው ናቸው፤ መኖር ይፈልጋሉ፡፡

ቄሱ

ቄስ ጉዲና ወለጋ ቦጂ በ1921 ዓ.ም. ገደማ ተወለዱ፡፡ ከቅስና በፊት ነቀምት ሆስፒታል ውስጥ በቀዶ ሕክምና ረዳትነት (በዘመኑ አጠራር ድሬሰር) ሠርተዋል፡፡ ከዚያ ቅስና፣ ከዚያ አሜሪካ ሚኒሶታ ሄደው የሥነ መለኮት ትምህርት፣ ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1966 የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊነት፡፡

በሳቸው የሥራ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1972፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ ለውጭ ለጋሾች የጻፈችው ደብዳቤ ዛሬም በነገረ መለኮት ትምህርት ቤቶች ይጠናል፡፡ ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው፡- ፈረንጆቹ ለጉድጓድ ውኃና ለክሊኒክ ገንዘብ ይሰጣሉ፤ ለስብከት ሲባል ግን እጃቸው ያጥራል፡፡ ደብዳቤው ሰው ሆድና ነፍስ ተብሎ አይከፈልም፣ ሁለቱንም አብራችሁ እርዱ አለ፡፡ ለሚረዳህ ሰው እንዲህ ብሎ መጻፍ ቀላል አይደለም፡፡ ቄሱ ለደርግ ጎንበስ ያላሉት በድንገት አይደለም ማለት ነው፡፡ ለዶላርም ጎንበስ ማለት አልለመዱም ነበር፡፡

አብዮቱ ሲመጣ ደግሞ እንደ ብዙዎቹ ወዲያው አልጮሁበትም፡፡ ለድሃው ፍትሕ ይምጣ የሚለው ነገር የቤተ ክርስቲያንም ጉዳይ ነው ባይ ነበሩ፡፡ እንቢ ያሉት ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት አፍ ትሁን ሲባል ነው፡፡ ወንድማቸው ባሮ ቱምሳ ከኦነግ መሥራቾች አንዱ ስለነበሩ ደርግ ቄሱንም በጥርጣሬ ዓይን ያያቸው ነበር፡፡ ስለዚህ «የሞቱት ለፖለቲካ ነው» የሚል አይጠፋም፡፡ እኛ ግን ቢሯቸውን እንያ እንላለን፡፡ እስከ መጨረሻው ቀን ሲሠሩ የነበሩት የቤተ ክርስቲያን ሥራ ነው፡፡

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን ደርሰናል፡፡

ጥቅምት 1971 ዓ.ም. ታሰሩ፡፡ ሳምንታት ቆይተው ተፈቱ፡፡ ወደ ቢሯቸው ተመለሱ፡፡ ግንቦት ሊያልቅ ሲል እንደገና ታሰሩ፡፡ እንደገና ተፈቱ፡፡ አሁንም ወደዚያው ቢሮ ተመለሱ፡፡ በመካከሉ ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተመቻችቶላቸው ነበር፤ በዚህ ጉዳይ የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት የጁሊየስ ኔሬሬ ስም ይነሳል፡፡ ምእመናኔን በመከራ ቀን ጥዬ አልሄድም ብለው ቀሩ፡፡ በዚያው ሰሞን ክርስቲያን በኅብረተሰብ ውስጥ ስላለው ድርሻ አንድ ጽሑፍ ጽፈዋል፡፡ ሐምሌ 21 ምሽት አዲስ አበባ ዑራኤል አካባቢ ባለው መካነ ኢየሱስ ጉባኤ አስተምረው ከባለቤታቸው ከወ/ሮ ፀሐይ ቶለሳ ጋር ሲወጡ ታጣቂዎች ያዟቸው፡፡ ሚስትን ለይተው ለቀቁ፡፡ ባል አልተመለሱም፡፡

እኛ ስለ እንዲህ ያሉ ሰዎች ስናወራ የምናወራው ስለ ምሽቲቱ ነው፡፡ መኪናው፣ መሣሪያው፣ ጨለማው፡፡ ያቺ ምሽት ግን የሳቸው ምርጫ አልነበረችም፤ የገዳዮቹ ምርጫ ነበረች፡፡ የሳቸው ምርጫ ያለው ከዚያ በፊት ነው፡፡ ከእስር በተፈቱ ማግስት ጠዋት ተነስቶ፣ ቁርስ በልቶ፣ ወደዚያው ጠረጴዛ መሄድ፡፡ ታማኝነት የሚባለው ነገር ከምሽቱ ይልቅ በነዚያ ጠዋቶች ውስጥ አለ ብለን እናምናለን፡፡

(የወጡትን ለመውቀስ አይደለም፡፡ በዚያ ዘመን መውጣት ነፍስን ማትረፍ ነበር፡፡ እኛ በሳቸው ቦታ ብንሆን ምን እናደርግ እንደነበር አፋችንን ሞልተን አንናገርም፡፡ ከክፍላችን ተመራቂዎች ስንቱ ዛሬ ውጭ እንዳለም እናውቃለን፡፡)

ያልሞቱት

ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ ጎዶሎ ይሆን ነበር፡፡ ምክንያቱም እስከ መጨረሻው መታመን ማለት መገደል ብቻ አይደለም፡፡

ወ/ሮ ፀሐይ ባላቸው በተወሰዱ በወራት ውስጥ፣ በ1972 ዓ.ም.፣ እሳቸውም ታሰሩ፡፡ ክፉኛ ተገረፉ፡፡ ወደ አሥር ዓመት ገደማ እስር ቤት ቆዩ፡፡ ባላቸው ይሙቱ ይኑሩ በእርግጠኝነት የሚነግራቸው አልነበረም፡፡ እስቲ አስቡት፡- አሥር ዓመት ሙሉ ሚስት ይሁኑ መበለት ሳያውቁ መኖር፡፡ ከዚያ ወጥተው እስከ 2007 ዓ.ም. በእምነታቸው ጸንተው ኖሩና በዕድሜያቸው አረፉ፡፡ ጥይት አልመታቸውም፤ ሐውልትም የላቸውም፡፡ ነገር ግን ከባላቸው ያነሰ ከፈሉ የሚል ካለ እኛ አንስማማም፡፡

በ1984 ዓ.ም.፣ ደርግ በወደቀ በዓመቱ፣ የፓትርያርኩም የቄሱም አጽም ከተጣለበት ተገኘ፡፡ በአንድ ክረምት፣ በሳምንታት ልዩነት፣ ሁለቱም በየቤተ ክርስቲያናቸው ሥርዓት በክብር አረፉ፡፡ አቡነ ቴዎፍሎስ ያረፉት ጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ነው፡፡ በየፊናው ተለቀሰ፡፡ በአንድ ወር የተገደሉ ሰዎች በአንድ ዓመት ተቀበሩ፤ ለቀስተኛው ግን ለየብቻ ነበር፡፡

እኛ አንድ ምኞት አለን፡፡ ሐምሌ 22 በመጣ ቁጥር ስለ አቡነ ጴጥሮስ ስንናገር፣ ኦርቶዶክሱ ትናንት ሐምሌ 21 እንደነበር፣ ፕሮቴስታንቱም ከሁለት ሳምንት በፊት ሐምሌ 7 እንደነበር ያስታውሱ፡፡ ሐውልት ለማቆም ገንዘብና ፈቃድ ይጠይቃል፡፡ የጎረቤትን ሟች ስም ማወቅ ግን ምንም አያስከፍልም፡፡

ስማቸውን ስናነሳም ከአሟሟታቸው አንጀምር፡፡ ወደ ሥራቸው ከተመለሱበት ጠዋት እንጀምር፡፡ ሞታቸውን ልንመስል አንችል ይሆናል፤ ጠዋቱ ግን ለሁላችንም ይነጋል፡፡

ቸር ያሰማን፡፡