«ቧንቧው ያፈሳል» ስንል፦ ስለ መታጠቢያ ቤት ቃላት ታሪክና ስለ ጥገና መመሪያ ትርጉም

«ቧንቧው ያፈሳል» የሚል መልእክት የደረሰው የጥገና ሠራተኛ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛው?» ብሎ ነው። በአማርኛ ቧንቧ ማለት በግድግዳ ውስጥ የተቀበረው ቱቦ ነው፤ ውኃ የሚከፈትበትና የሚዘጋበት መዘውርም ነው፤ አንዳንድ ጊዜም አገልግሎቱ ራሱ ነው፤ «ቧንቧ ገባልን» ሲባል እንደሚሰማው። ይህ የትርጉም ስፋት በዕለት ንግግር ችግር አያመጣም። ችግር የሚያመጣው ቃሉ በመመሪያ ጽሑፍ ላይ ሲሰፍር ነው። እኛም ይህን የተማርነው በራሳችን ስሕተት ስለሆነ ታሪኩን ቀጥሎ እናወጋለን።

አስቀድመን ግን ጥቂት ወደኋላ እንመለስ። ቧንቧ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት የመታጠቢያ ዕቃዎቻችን ስም የነበራቸው ከአስታጣቢው አንጻር ነው። ኩስኩስቱንና ሳፋውን ይዞ በእንግዳ እጅ ላይ ውኃ የሚያፈስ ሰው ነበረ፤ ዕቃውም «ማስታጠቢያ» ተባለ። ዛሬ በየቤቱ የምንጠራው ስም «መታጠቢያ» ነው። ልዩነቱ የአንዲት ቅጥያ ይመስላል፤ ነገር ግን አስታጣቢው ከመካከል ወጥቶ ሰው ራሱ በራሱ መታጠብ መጀመሩን የግሱ ዐምድ መዝግቦታል። ሥሩ የቆየ ነው፤ የግዕዙ ሐፀበና የአማርኛው አጠበ አንድ ናቸው፤ ግዕዝም ለመታጠቢያው ስፍራ «ምሕፃብ» የሚል ስም ነበረው።

አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በፍል ውኃ አጠገብ መሆኑ የታወቀ ነው። በቱቦ የሚሄድ ውኃ ደግሞ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ከእንጦጦ ወደ ዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ተስቦ ገባ፤ ሥራውን የመራው ስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ነበር። ከዚያ በኋላ በተለይም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጣልያን ወረራ ዘመን የሙያው ቃላት በብዛት ገቡ። ቱቦ፣ ባኞ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ጓርኒሲዮን ሁሉም ከጣልያንኛ የተወሰዱ ናቸው። ከባለሙያ አፍ የሚሰማው ሩቢኔትም ከዚሁ ወገን ነው። የጣልያንኛው ቃል የተወረሰው ከፈረንሳይኛ ሲሆን፣ በፈረንሳይኛ «ሮባን» የበግ የቁልምጫ ስም ነበረ፤ የጥንት የውኃ መክፈቻዎች አፋቸው በበግ ራስ ቅርጽ ይሠራ ስለነበር ዕቃው በእንስሳው ስም ተጠራ። ስለዚህ ባዕድ ቃል ግልጽነት የለውም ብለው የሚነቅፉ ወገኖች ባለቤቶቹም ቢሆኑ በጉን ከረሱት ብዙ ዘመን እንደሆነ ልብ ቢሉ መልካም ነው። እንግሊዞችም የቧንቧ ሠራተኛን የሚጠሩት እርሳስ በተባለው ማዕድን የላቲን ስም ነው፤ ቱቦው ግን ዛሬ በእርሳስ አይሠራም።

አሁን ወደ ስሕተታችን። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ የመኖሪያ ሕንፃ የገንዳና የሻወር ጥገና መመሪያ ከእንግሊዝኛ ተርጉመን ነበር። እንግሊዝኛው ለሁሉም ዐይነት መፍሰስ «ሊክ» የሚል አንድ ቃል ነበረው፤ እኛም በየቦታው «ቧንቧው ሲያፈስ» ብለን አለፍን። አንድ ነዋሪ መመሪያውን ተከትሎ መዘውሩን ፈትቶ ጎማውን ለወጠ፤ በሳምንቱም መዘውሩን በሙሉ በአዲስ ተካ። የሚያፈሰው ግን በግድግዳው ውስጥ ያለው ቱቦ ነበርና እስኪታወቅ ድረስ የታችኛው ቤት ጣራ ረጥቦ ልስኑ ወደቀ። ገንዘቡን የከፈለው ነዋሪው ነው፤ ጥፋቱ ግን የተርጓሚዎቹ ነበረ።

የሚያስቆጨው አማርኛ ለዚህ ጉዳይ ከእንግሊዝኛው ይልቅ የተሟላ መሆኑ ነው። መዘውሩ ተዘግቶ ሳለ ከአፉ ጠብ ጠብ ሲል «ያንጠባጥባል» እንላለን፤ ይህ አብዛኛውን ጊዜ የጎማው ማለቅ ነው። በመጋጠሚያው ዙሪያ ጥቂት በጥቂት ሲወጣ፣ ቁስል እንደሚያዥ፣ «ያዣል»። ግድግዳው ውኃ ሳይታይበት ሲርስ «ወረዛ»፤ ውኃው ወደ ወለሉ ሲዘልቅ «ሰረገ»፤ ቱቦው ሲፈነዳም «ተንዠቀዠቀ»። የመፍሰሱ ጊዜም እንደ ግሱ ምልክት ይሰጣል። ሁሉም ተዘግቶ ሳለ ግድግዳው ከወረዛ ዘወትር ግፊት ያለበት የመጪው ውኃ ቱቦ ይጠረጠራል። ሻወሩ ሲከፈት ብቻ ከሆነ ከመዘውሩ ወደ ላይ የሚወጣው ቱቦ ነው፤ ገንዳው ሲለቀቅ ብቻ ከሆነ ደግሞ የፍሳሽ መውጫው ነው። በእርማቱ ጊዜ መመሪያውን በእነዚህ ግሦች መሠረት እንደገና ጻፍነው፤ ከእንግሊዝኛውም አጠረ።

ስሞቹ ከግሦቹ ይልቅ አስቸገሩን። በ1845 እ.ኤ.አ. በሮዘራም ከተማ ጌስትና ክራይምስ የተባለው ፋብሪካ ካወጣው ባለ ጥርስ መዘውር ወዲህ የአሠራሩ መሠረት ብዙም አልተለወጠም፤ ዘንጉ ሲዞር ጎማውን ወደ ታች ይጫነዋል፤ ጎማውም የነሐሱን ቀዳዳ ይደፍናል። እንግሊዝኛው ያንን የነሐስ ከንፈር «መቀመጫ» ይለዋል። ቃል በቃል ብንተረጉመው አንድ አንባቢ የሽንት ቤት መቀመጫ መሰለው! ከንፈሩ ከተበላ አዲስ ጎማ ቢገባም ቶሎ ያልቃልና ክፍሉ ስም ማጣት አይገባውም፤ «የጎማ ማረፊያ» ብለነዋል። ጎማውንም «ጓርኒሲዮን» ብሎ መተው ይሻላል ያሉ ባልደረቦች ነበሩ፤ ሠራተኛው የሚያውቀው ይህንኑ ነውና ተቀበልን።

ከገንዳው በታች ያለው የታጠፈ ቱቦም እንዲሁ ነው። በ1775 እ.ኤ.አ. አሌክሳንደር ካሚንግ የተባለው ስኮትላንዳዊ ሰዓት ሠሪ ለሽንት ቤት የፈጠራ መብት ያገኘበት ሐሳብ ነው፤ በእጥፋቱ የሚቀረው ውኃ የፍሳሹን ሽታ ያግዳል። እንግሊዝኛው «ወጥመድ» ይለዋል። ወጥመድ በአማርኛ አዳኝና ታዳኝ ይፈልጋል፤ ስለዚህ «ሽታ ማገጃ» የሚለውን መርጠናል።

የተከራከርንበት ግን ውኃውን ከገንዳው አፍ ወደ ሻወር የሚያዞረው ክፍል ነው። ሲያልቅ ውኃው ለሁለት ይከፈላል፤ ሻወሩም ይደክማል። «ማዞሪያ» እንዳንለው የመዘውሩ እጀታም ማዞሪያ ነው። ገበሬው ወንዝን ከመንገዱ ወደ ቦይ ሲመልስ «ጠለፈ» ይላል፤ በመሆኑም «መጥለፊያ» የሚለውን አቀረብን። ጠለፋ የልጃገረድም የአውሮፕላንም ሆኗልና ለመታጠቢያ ቤት አይስማማም የሚል ተቃውሞ ተነሣ። እኛ አሁንም መስኖው ይቀድማል እንላለን። «ገንዳ» ራሱ ከብት ውኃ የሚጠጣበት የተፈለፈለ ግንድ ነበረ፤ ዛሬ የገላ መታጠቢያም የቆሻሻ ማጠራቀሚያም ሆኖ ሳለ ማንም ተሳስቶ በቆሻሻው ገንዳ ሲታጠብ አላየንም።