በኢሉባቦር ውስጥ ያለው ሰው

ኢሉባቦርን በአንድ ትንፋሽ የሚጠራ ሰው በስሙ ውስጥ አንድ ጎሳና አንድ ፈረሰኛ እንዳሉ ልብ አይልም። ስሙ ሲፈታ ሦስት ነው፤ ኢሉ፣ አባ፣ ቦራ። ኢሉ የኦሮሞ ጎሳ ነው። አባ ቦራ ደግሞ በአገሩ እንደሚነገረው የዚያ ጎሳ አለቃ የነበረ ሰው በፈረሱ የተጠራበት ስም ነው። በኦሮምኛ ዛሬም ተለያይቶ ይነገራል፤ የዞኑ መጠሪያም ኢሉ አባ ቦራ ነው። አማርኛው ግን የ«አባ»ን መነሻ ውጦ፣ የ«ቦራ»ን ጫፍ ቆርጦ አንድ ቃል አደረገው። ቃሉ ሲያጥር ሰውየው ተረሳ።

የፈረስ ስም ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስን አባ በዝብዝ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ አሉላን አባ ነጋ እየተባለ ሰምተን ነው ያደግነው። የራስ መኮንን ፈረስ ቃኘው፣ ጌታው ካለፉ ከብዙ ዘመን በኋላ ኮሪያ ለዘመተው ሠራዊት ስም ሆኗል፤ አስመራ ለነበረው የአሜሪካኖች የጦር መገናኛ ጣቢያም እንዲሁ። ፈረስ የባለቤቱን ስም ይዞ ከአገር አገር መዝለቁ በታሪካችን የተለመደ ነው። ኢሉባቦር ላይ ግን ይህን ለማየት አልለመድንም።

ነገሩ የሚገለጠው ጎረቤቱን ጅማን ሲያዩ ነው። ጅማም የጎሳ ስም ነው፤ ወለጋ ውስጥ ጅማ ሆሮ፣ ጅማ ራሬ፣ ጅማ ገነቲ፣ ጅማ አርጆ አሉ። የትኛው ጅማ እንደሆነ ለመለየት አንድ ተቀጽላ ያስፈልጋል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ የጊቤውን መንግሥት ያጠናከረው ንጉሥ በፈረሱ አባ ጅፋር ይባል ስለነበር፣ ያ ጅማ የአባ ጅፋር ጅማ ሆነ። ኢሉ አባ ቦራም የተሠራው በዚሁ መልክ ይመስለኛል። ኢሉዎች ብዙ ናቸውና። በደቡብ ምዕራብ ሸዋ ጤጂ ያለችበት ወረዳ ኢሉ ነው፤ በምዕራብ ሸዋ ደግሞ ኢሉ ገላን አለ። የአባ ቦራው ኢሉ የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው በባለፈረሱ ስም ነው። ልዩነቱ፣ ጅማ አባ ጅፋርን ሁሉም ሰው ለያይቶ ሲጠራው፣ የእግር ኳስ ቡድን ሳይቀር ሲሰየምበት፣ ኢሉባቦር ተጣብቆ መቅረቱ ብቻ ነው።

ይህን ከያዙ በኋላ የአገሩን ካርታ ማንበብ ሌላ ነገር ይሆናል። ከመቱ ከተማ በስተ ደቡብ ሶር ፏፏቴ የሚገኝበት አካባቢ በቾ ይባላል፤ ከአዲስ አበባ ወደ ወሊሶ የሚሄድ ሰውም ቱሉ ቦሎ ላይ በቾን ያገኛል። ኖኖ ኢሉባቦር ውስጥ አለ፣ ምዕራብ ሸዋ ውስጥም አለ። የቦታዎቹ ስሞች በአጋጣሚ አልተመሳሰሉም። የመጫ ኦሮሞ በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከጊቤና ከዴዴሳ ወዲያ እየተሻገረ ሲሰፍር፣ ጎሳው የደረሰበትን መሬት በራሱ ስም ጠራ። እዚያ የቀረው ወንድም የቀረበትን አገር፣ እዚህ የደረሰው የደረሰበትን አገር በአንድ አባት ስም ጠሩት።

መቱ ውስጥ ከሽማግሌ ጋር ቡና የጠጣ ሰው ይህን በራሱ ያየዋል። የመቱ ሰው እንግዳ ሲቀርበው ቸኩሎ አይጠይቅም፤ ቡናው ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ጀበናው እስኪወርድ ወሬው ስለ ዝናብና ስለ ዘንድሮው ፍሬ ነው። ክብር ያለው እንግዳ ከሆነ ቡና ቀላ ይቀርባል፤ ፍሬው ከነገለፈቱ በለጋ ቅቤ ተጠብሶ፣ ቅቤው ገና እየተንጫጫ። ምርቃቱ ካለቀ በኋላ ነው ጥያቄው የሚመጣው፤ ጥያቄውም ከየት ከተማ እንደመጡ ሳይሆን ጎሳዎ ማን እንደሆነ ነው። አባቶቹን እስከ ሩቅ ቆጥሮ የሚያወርድ ሽማግሌ፣ በቆጠራው መሐል የወረዳ ስሞችን አንድ በአንድ ይጠራል። ለእሱ የሰው ስሞች ናቸው፤ በካርታ የምናውቃቸው እኛ ነን።

ስለዚህ መቱን «መታ» ከሚለው የአማርኛ ግስ አምጥቶ፣ ማን ማንን መታ ብሎ ታሪክ ማበጀት አገሩን አለማወቅ ነው። ስሙ የኦሮምኛ ነው፤ አማርኛ ተናጋሪው ከመድረሱ በፊት የነበረ። ቡሬም እንዲሁ ያሳስታል። አንዱ ቡሬ ጎጃም ነው፣ ሌላው ወደ አሰብ በሚወስደው መንገድ ያለው፣ የጦር ግንባር የነበረው፣ ሦስተኛው ከጎሬ ወደ ጋምቤላ ቁልቁል ሲወረድ የሚገኘው የኢሉባቦሩ።

ጎሬ ላይ ትንሽ መቆየት ይገባል፤ ኢሉባቦር የሚለውን ስም አገር ሁሉ እንዲያውቀው ያደረገችው ጎሬ ናትና። በ2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ በዝናብና በጉም የምትኖር ከተማ ናት። በምኒልክ ዘመን ደጃዝማች፣ ኋላ ራስ፣ ተሰማ ናደው ከዚህ ሆነው ገዙ። በ1890 ዓ.ም. ወደ ነጭ ዓባይ የዘመተው ጦራቸው የሄደው ከዚሁ አገር ነው። በ1894 ዓ.ም. ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት የድንበር ስምምነት ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ ተፈቀደ። ከዚያ ወዲህ የኢሉባቦር ቡና በበቅሎ ከጎሬ ቡሬ፣ ከቡሬ ጋምቤላ ወርዶ በባሮ ላይ በእንፋሎት ጀልባ ወደ ሱዳን ይጓዝ ነበር፤ ወንዙ በክረምት ሲሞላ ብቻ። ባሕር በሌለበት ተራራ ላይ የተቀመጠችው ጎሬ እንደ ወደብ ከተማ ኖረች። የውጭ አገር ነጋዴዎች ሱቅ ከፈቱባት፣ እንግሊዝ ቆንስላ አቆመባት።

አዲስ አበባ በ1928 ዓ.ም. ስትወድቅ የተረፈው መንግሥት መቀመጫ የሆነችውም ጎሬ ናት። ራስ እምሩ እንደራሴ፣ ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ የጊዜያዊው መንግሥት አለቃ ሆነው ለጥቂት ወራት የኢትዮጵያ ባንዲራ እዚያ ተውለበለበ። ጣሊያን ኅዳር 1929 ጎሬ ገባ፤ ራስ እምሩም ወሩ ሳይሞላ ጎጀብ ላይ ተያዙ። የጎሬው ጳጳስ አቡነ ሚካኤል ለጠላት አልገዛም ብለው በዚያው በጎሬ ተገደሉ። አቡነ ጴጥሮስን መላው አገር ያውቃቸዋል፤ አቡነ ሚካኤልን ስንቱ ያውቃቸዋል? ይህ ያንገበግበኛል። ከአንድ ዓመት ባልበለጠ ልዩነት በአንድ ጠላት እጅ ለአንድ አገር የሞቱ አባቶች ናቸው።

የጋምቤላ ንግድ ሲቀዘቅዝ የጎሬም ዘመን አለፈ። በ1970 ዓ.ም. አካባቢ የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማነት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው መቱ ዞረ። መቱ ዝቅ ያለች፣ ሞቅ ያለች፣ ከበደሌ በያዩና በሁሩሙ የሚመጣው መንገድ ቀድሞ የሚያገኛት ናት። ያዩ ላይ ያለው የዱር ቡና ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። እዚያ ቡና በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር በራሱ በቅሎ ይታያል።

መቱ ላይም የሰው ስም በቦታ ላይ ሲጻፍ በዘመናችን አይተናል። ኦስትሪያዊው የፊልም ተዋናይ ካርልሃይንስ በም በ1974 ዓ.ም. ሰዎች ለሰዎች ድርጅትን መሠረተ፤ ኢሉባቦር ውስጥም ትምህርት ቤት፣ ውኃ፣ መንገድና የወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ ሠራ። የከተማው ሆስፒታል መቱ ካርል ነው የሚባለው። ሕዝቡ የሚጠራው በቤተሰብ ስሙ ሳይሆን እንደ ዘመድ ልጅ በመጀመሪያ ስሙ ነው። አገር ቀድሞ፣ ሰው ተከትሎ፤ ኢሉ አባ ቦራ እንደተባለው ሁሉ።

የድሮው ክፍለ ሀገር ዛሬ ብዙ ቦታ ተከፋፍሏል። ጋምቤላ ክልል ሆነ፣ ማሻና አካባቢው ሸካ ሆነ፣ በቅርብ ዓመታትም የምሥራቁ ወገን ቡኖ በደሌ ተብሎ ወጣ። የኢሉ ስም መቱን፣ ጎሬን፣ ቡሬን ይዞ ቀርቷል። መቱ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ አላት። የበቾን፣ የኖኖን፣ የኢሉን የትውልድ ቆጠራ በቃሉ የሚያወርድ ሽማግሌ ሁሉ በሕይወት ሳለ ተማሪዎቹ ድምፁን ይቅዱት፤ ጋዜጦቻችንም ስሙን እንደ ባለቤቶቹ፣ ለያይተው ኢሉ አባ ቦራ ብለው ይጻፉት።