ኢንቨርተር ስንገዛ የማንጠይቀው ጥያቄ፡- የቮልቴጅ መዋዠቅ

የሕግ ሰው ስለ ኤሌክትሪክ ምን አገባው የሚል አንባቢ አይጠፋም፡፡ እኔን ያገባኝ ጉዳዩ የውልም ጉዳይ ስለሆነ ነው፡፡ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2287 ሻጭ ዕቃው ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ለገዢው ዋስትና እንዲሰጥ ይደነግጋል፡፡ በውል ያልሰፈረን ጥራት ማስረዳት ግን ከባድ ነው፡፡

ባለ አንድ ፌዝ ኢንቨርተር ከባትሪ ወይም ከሶላር ፓናል የሚመጣውን ዲሲ ወደ ኤሲ ይለውጣል፡፡ ከዲሲው ወገን ኃይሉ እኩል እንዲፈስ ይፈለጋል፤ በኤሲው ወገን ግን ከዜሮ ተነስቶ እስከ አማካዩ እጥፍ ይወጣል፣ ይወርዳል፡፡ በእኛ የ50 ኸርዝ መስመር ይህ በሰከንድ 100 ጊዜ ይደጋገማል፡፡ በዚህ የተነሳ የዲሲው ቮልቴጅ ይዋዥቃል፤ ባለሙያዎች ሪፕል ይሉታል፡፡

መፍትሔው ካፓሲተር ነው፡፡ እንደ ቤታችን ሮቶ ትርፉን ያጠራቅማል፣ ሲጎድል ይሰጣል፡፡ ለምሳሌ በውስጡ 400 ቮልት ዲሲና 470 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ያለው ኢንቨርተር 1000 ዋት ሲሰጥ ቮልቴጁ ከጫፍ እስከ ጫፍ 17 ቮልት ያህል ይዋዥቃል፡፡ ካፓሲተሩ እጥፍ ቢሆን መዋዠቁ በግማሽ ይቀንሳል፡፡

ወጪ ለመቆጠብ ካፓሲተሩን የሚያሳንስ አምራች ጉዳቱን ለገዢው ያስተላልፋል፡፡ መዋዠቁ ወደ ፓናሉ ከደረሰ ፓናሉ ሙሉ ኃይሉን አይሰጥም፡፡ ካፓሲተሩም ይግላል፤ ኤሌክትሮሊቲክ የሚባለው ዓይነት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል፡፡

ሌላም መንገድ አለ፡፡ ጎግልና አይትሪፕልኢ እ.ኤ.አ. በ2014 ትንሹን የ2 ኪሎ ዋት ኢንቨርተር ለሚሠራ 1 ሚሊዮን ዶላር የሚያሸልም ውድድር ሲከፍቱ በግቤቱ በኩል ለሚፈቀደው መዋዠቅ ወሰን አስቀምጠው ነበር፡፡ በ2016 ያሸነፈው የቤልጂየሙ ሲኢ ፕላስ ቲ ፓወር ቡድን በትልቅ ካፓሲተር ፋንታ ትርፉን ኃይል በትራንዚስተሮች እየተቆጣጠረ በትናንሽ የሴራሚክ ካፓሲተሮች የሚያጠራቅም አክቲቭ ፊልተር ተጠቅሟል፡፡

ስለዚህ ገዢ ሦስት ነገር ይጠይቅ፡፡ በሙሉ ጭነት መዋዠቁ ስንት ነው? ካፓሲተሩ የተሠራው ለ85 ነው ወይስ ለ105 ዲግሪ? በስንት ዲግሪስ ለስንት ሰዓት እንዲያገለግል? መልሱ በውሉ ወይም በደረሰኙ ላይ ይጻፍ፡፡ ዕቃው በዓመቱ ሲቃጠል ለመከራከር የሚያስችለው ይህ ጽሑፍ ነው፡፡