የካርታ ሥራ ድግግሞሽና የወረዳ ቁጥር፦ ከቂርቆስና ከካዛንቺስ የሚገኝ ትምህርት

የመልክዐ ምድር መረጃን ማዘጋጀት በባሕርዩ ተደጋጋሚ ሥራ ነው። አንዱን ክልል ከካርታው ለይቶ ማውጣት፣ በውስጡ ያለውን መቁጠር፣ ውጤቱን ሰይሞ ማስቀመጥ፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው ክልል አልፎ ያንኑ እንደገና መሥራት ግድ ይላል። ዛሬ ይህን ድካም ኮምፒዩተር ይሸከመዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ድግግሞሹን ለመሣሪያ ከማስረከብ በፊት ምን መጣራት እንዳለበት ከአገራችን የካርታና የቆጠራ ታሪክ በመነሣት ማሳየት ነው።

የካርታ ባለሙያዎች ሥራውን በእጅ ያከናውኑ በነበረበት ዘመን የተመኩት በአሰያየም ሥርዓት ነበር። በ1፡50,000 መስፈርት የተዘጋጀው የኢትዮጵያ ካርታ እያንዳንዱ ሉህ 15 ደቂቃ ኬክሮስና 15 ደቂቃ ኬንትሮስ ይሸፍናል፤ ስለሆነም አንድ ዲግሪ በአንድ ዲግሪ የሆነ ስፍራ 16 ሉሆች ይይዛል። የሉሁ መለያ የተውጣጣው ከኬክሮሱና ከኬንትሮሱ ዲግሪ፣ ከአንድ ፊደልና ከአንድ ቁጥር ነው። መለያው የተመሠረተው በምድር አቀማመጥ ላይ በመሆኑ የአስተዳደር ወሰን ቢለወጥም አይናወጥም፤ ሁለት ሉሆችም አንድ መለያ አይጋሩም።

የከተማ አስተዳደር መለያ ግን ይህ ጽናት የለውም። በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ያሠራ ከነበረው ኢንቺስ ከተባለው ተቋም ነው። ስሙ እስከ ዛሬ ሲዘልቅ ቁጥሩና ወሰኑ ግን በየጊዜው ተለዋውጧል። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ከተቋቋሙ በኋላ በተካሄደው የ1976 ዓ.ም. ቆጠራ አዲስ አበባ በ25 ከፍተኛዎች ተከፍላ ነበር። በ1987ቱ ቆጠራ 28 ወረዳዎች፣ በ1999ኙ ደግሞ 10 ክፍለ ከተሞች ነበሯት፤ ዛሬ ክፍለ ከተሞቹ 11 ደርሰዋል። ስለሆነም በ1987 ዓ.ም. «ወረዳ 8» የተባለው ዛሬ በቂርቆስ «ወረዳ 8» ከሚባለው ጋር በቁጥር እንጂ በቦታ አንድ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው አርክጂአይኤስ 10 በሞዴል ቢልደር ውስጥ ኢተሬተር የሚባሉ መሣሪያዎችን አቅርቧል፤ በነፃ የሚገኘው ኪውጂአይኤስም ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣል። ተጠቃሚው የሥራውን ቅደም ተከተል አንድ ጊዜ ያዘጋጃል፤ መሣሪያው በሠንጠረዡ ውስጥ ያሉትን ዋጋዎች ተራ በተራ እያነሣ ያንኑ ሥራ ይደግማል። አንድ የትምህርት ዕቅድ ባለሙያ በየወረዳው ያሉትን ትምህርት ቤቶች ለማስቆጠር «ወረዳ» የሚለውን ዓምድ ብቻ ቢሰጠው ምን ይሆናል? የወረዳ ቁጥር በተለያዩ ክፍለ ከተሞች ስለሚደጋገም መሣሪያው የቂርቆስን ወረዳ 01 ከሌሎቹ ወረዳ 01ዎች ጋር ደምሮ እንደ አንድ ይቆጥረዋል። ለየክፍለ ከተማው ለብቻ ቢሠራም የውጤቱ መዝገብ ስም የክፍለ ከተማውን መለያ ካልያዘና አሮጌውን መተካት ከተፈቀደ የኋለኛው የፊተኛውን ይደመስሰዋል። በሁለቱም ሁኔታ የስሕተት ማስጠንቀቂያ ላይመጣ ይችላል። የሚጎዳው ግን በተሳሳተ አኃዝ ምክንያት መማሪያ ክፍል የተነፈገው ሕፃን ነው።

መለያው የተስተካከለ ቢሆን እንኳ ነዋሪው ቦታ ሊለቅ ይችላል። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት የካዛንቺስ ቤቶች በብዛት ፈርሰው ነዋሪዎች ወደ ሌሎች አካባቢዎች ተዛውረዋል። ከዚያ በፊት የተሰበሰበን የሕዝብ አኃዝ በአዲስ ወሰን ላይ እየደጋገሙ ማስላት የፈረሰ ቤትን እንደ ቆመ መቁጠር ይሆናል።

ስለዚህ በማሠልጠኛ ኮሌጆች የሚከተለው አሠራር ቢለመድ ይበጃል። ሠልጣኞች በመጀመሪያ አንዱን ወረዳ በማሳያ ወረቀት ገልብጠው ትምህርት ቤቶቹን በእጃቸው ይቍጠሩ። ቀጥሎም ለእያንዳንዱ ክልል ክፍለ ከተማውን፣ ወረዳውንና ወሰኑ የጸናበትን ዓመት የያዘ መለያ ይስጡ። በመጨረሻም ድግግሞሹን ለኮምፒዩተር ትተው የአንዱን ወረዳ ውጤት በእጅ ከቆጠሩት ጋር ያስተያዩ። መሣሪያው የሚደግመው የተሰጠውን ነው፤ የሚሰጠውን ማጣራት የመምህሩና የዕቅድ ባለሙያው ኃላፊነት ሆኖ ይኖራል።